ቦራ እና የዮዲት ዋንጫ

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ዛሬ የፈረሰኞች ስብሰባ ነበር። የጥር ጊዮርጊስ በዓል ሲቃረብ ሁልጊዜ እንደምናደርገው ሜዳው ዳር ተቀምጠን ማን ከማን አጠገብ እንደሚሰለፍ፣ ማን ፈረሱን እንዳከሳ፣ ማን ኮርቻውን ሳያሳድስ እንደቀረ ስንነጋገር ዋልን። ሰብሳቢያችን አያ ይሄነው የመጨረሻውን ጉዳይ ሳይጨርሱ ካሳው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ መጣ። ካሳው መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለው። የእንጅባራ ወሬ ሁሉ እዚያ ነው የሚነሣው።

ወሬው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አገሮች የሜዳ ቴኒስ ውድድር ሊደረግ ነው፤ ቀይ አፈር በተነጠፈበት ሜዳ። ከእኛ ሦስት ልጆች ይገባሉ። ወንዱ ኪዳኑ፣ ሴቶቹ ፍቅርአዲስና ዮዲት። ዮዲት ደግሞ የዳንግላ ልጅ ሆና ተገኘች! እናቷ አዲስ አበባ ይዛት ስትሄድ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እዚያ በአንድ ክለብ ኳስ ስታቀብል ቆይታ ተጫዋች ሆነች። አክስቷ አምሳለ አሁንም ዳንግላ ናት።

ደስታው ሌላ ነበር። አንዱ በግ ተሳለ፣ አንዱ ጥላ፣ አንዱ ጧፍ። ተሻገር ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር ደግሞ የጂኦግራፊ ካርታ ይሳላል» አለ። ተሻገር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። «ፈረስህን ሽጥልኝ» ማለት ከጀመረ ስንት ዘመኑ። ሰው ሳቀ። እኔም ተነሣሁና፣ «ከሦስቱ አንዳቸው ዋንጫውን ካመጡ፣ ፈረሴን ቦራን ለጥር ጊዮርጊስ!» አልኩ።

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። አያ ይሄነው ትከሻዬን ይዘው፣ «ጊዮርጊስ ሰምቶሃል፣ ልጄ» አሉኝ።

ከልቤ ነው የተናገርኩት። እርግጥ ከመነሣቴ በፊት ካሳውን በጆሮው፣ «እነዚህ ልጆች ያሸንፋሉ ተብሎ ይታሰባል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ኧረ ማን አስቧቸው፣ መምህር!» አለኝ። ይህ ግን ከስለቱ ጋር ምንም አይገናኝም።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሚስቴ ስሜነሽ ሰማች። ከእኔ አይደለም፤ ከገበያ።

«ፈረሱን ለቴኒስ?» አለች።

«ለጊዮርጊስ ነው» አልኳት።

«ጊዮርጊስ የራሱ ፈረስ አለው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ሳምንቱን ሙሉ ቴኒስ ሳጠና ሰነበትኩ። በዚህ ከተማ ጨዋታውን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል? ዛሬ ካሳው ቤት ጥቁር ሰሌዳ አሰቅዬ አስተማርኩ።

ነጥቡ አስቸገረኝ። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ። አያ ይሄነው፣ «ከሠላሳ በኋላ አርባ አምስት አይደለም እንዴ የሚመጣው?» አሉ። አሠራሩ እንደዚያ ነው አልኳቸው። «አንተ እኮ መምህር ነህ፣ እንደዚያ ነው ብለህ ትተወዋለህ?» አሉኝ። ተውኩት።

ስለ ቀዩ አፈር ሳስረዳ ግን ሁሉም ጆሮውን ሰጠኝ። በአፈር ሜዳ ላይ ኳሷ ያረፈችበት ምልክት ይቀራል። ክርክር ሲነሣ ዳኛው ከረጅሙ ወንበሩ ወርዶ ምልክቱን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ መስመሩን ከነካች ገብታለች፣ ካልነካች ወጥታለች። ተጫዋቹ ራሱ ምልክቱን በእግሩ ካበሰው ደግሞ፣ የባላጋራዬ ኳስ ገብታለች፣ አምኛለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። የፈረስ ዱካ ሲያዩ ያደጉ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሰሌዳ አላስፈለጋቸውም።

«ይኸስ የጨዋ ጨዋታ ነው» አሉ አያ ይሄነው።

ተሻገር ከኋላ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ፣ «መምህር፣ ለስለት የገባ ፈረስ ጨረታው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ከትምህርቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ውድድሩ ተጀመረ። ኪዳኑ ተሸነፈ። በጣም አዘንኩ። ማታ ለቦራ ገብስ ጨመርኩለት።

ጥር 4፣ ሰኞ

ፍቅርአዲስም ተሸነፈች። ምስኪን ልጅ፣ ለፍታ ነበር። አገራችን በስፖርት ገና ብዙ ይቀራታል እያልኩ ለካሳው ሳስረዳው፣ ዮዲት ሜዳ ገብታ የቡሩንዲዋን ልጅ አሸነፈቻት። ሻይ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

አንድ ጨዋታ ነው። አንድ ጨዋታ ማንም ያሸንፋል።

ጥር 6፣ ረቡዕ

እንደገና አሸነፈች። በክፍለ ጊዜ መካከል ሮጬ ሄጄ ነው ያየሁት፤ ስመለስ ልጆቹ ክፍሉን ገበያ አድርገውት ጠበቁኝ።

ተሻገር ባንዲራ ለብሶ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ራኬትን ከወንፊት አይለይም ነበር። ዛሬ ዮዲት ኳስ በመታች ቁጥር፣ «የኔ አንበሳ! የኔ እመቤት!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሰዎች፣ «ተሻገርን አያችሁት? አገሩን እንዴት ይወዳል!» ሲሉ ሰማሁ።

እኔ ድጋፌን በውስጤ ነው የምይዘው።

ጥር 8፣ ዓርብ

ተሻገር ዛሬ ቤቴ መጣ። «ስለ ዮዲት ላወራ ነው የመጣሁት» አለ። እያወራ በረቱ በር ላይ ደረሰ፤ እያወራ የቦራን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አየ። ቀጥሎም የኋላ እግሩን አነሣ። «ልጅቱ ጉልበት አላት፤ እስከ ፍጻሜ ትሄዳለች» ይላል፣ እጁ የፈረሴ ሰኮና ላይ ነው።

ቦራ አባቴ ከመሞታቸው በፊት ያዋለዱት የመጨረሻው ፈረስ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ቀድመው ያዩት እርሳቸው ናቸው፤ ስሙን ያወጡለትም እርሳቸው። ሲሞቱ ቤቱን ለወንድሜ፣ ፈረሱንና ግላሱን ለእኔ ተዉልኝ። ግላሱ ቀይ ከፋይ ነው፤ በዓል ሲሆን ከኮርቻው ላይ ይነጠፋል፤ ጠርዙን እናቴ በወርቅ ክር የጠለፈችው ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ ዳንግላ የማያውቀው ፈረሰኛ የለም። ወንድሜ ቤቱን ወስዶ የተከፋሁ መስሎት ነበር። እኔ ግን የተሻለውን የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ለተሻገር ይህን አልነገርኩትም። «ግማሽ ፍጻሜም ትልቅ ክብር ነው» ብቻ አልኩት።

«ምን ነካህ፣ መምህር? ዋንጫ ነው የምንፈልገው!» አለኝ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሩብ ፍጻሜ። ገና ሲጀመር ኔትወርክ ጠፋ። ካሳው ስልኩን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ተሻገር መሰላሉን ይዞለት እስኪጨልም ቆመ። እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ውጤቱን ሳላውቅ ልተኛ ነው። በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ እንቅልፍ መጥቶልኝ አያውቅም።

ጥር 10፣ እሑድ

አሸንፋለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስምንት ሰው እጄን ጨብጦ፣ «እንኳን ደስ አለህ፣ ጊዮርጊስ ይቀበልህ» አለኝ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ለጥምቀት ውድድሩ ቆሟል። ትናንት ቦራን ግላሱን አልብሼ ታቦት አጀብኩ። ሰው ፈረሱን እንደ ሙሽራ ያየዋል፤ ሴቶች አንገቱን ዳሰስ አድርገው እጃቸውን ይሳለማሉ። ገና ሳልሰጠው የሰው ሆኗል።

ዛሬ ደግሞ የዮዲት አክስት እትዬ አምሳለ ከዳንግላ በሚኒባስ መጡ። «ለልጃችን ፈረሱን የተሳለውን ሰው ልየው ብዬ ነው» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አነሣኋቸው። አለቀሱ። እኔም ዓይኔን አዞርኩ።

«ለልጅቱ በስልክ ነገርኋት» አሉ። «አንድ የማላውቀው ሰው ፈረሱን? አለችኝ። ከዚያ፣ አክስቴ፣ ውድድሩ ሲያልቅ መጥቼ አመሰግነዋለሁ አለችኝ።»

እትዬ አምሳለን ልጅቱ ብዙ እንዳትደክም እንዲመክሯት ነገርኳቸው። ገና ወጣት ናት፤ ጉልበቷን ለወደፊቱ ብታስቀምጥ ይሻላል። ሽንፈት ራሱ ያስተምራል። ይህን የምለው ለጤናዋ ነው። እትዬ አምሳለ፣ «አባቷ ሳትሆን እንደ አባት ታስብላታለህ» ብለው እንደገና አለቀሱ።

ከሄዱ በኋላ ስሜነሽ በሩን ተደግፋ አየችኝ። «ፈራህ እንዴ?» አለች።

«ምኑን?»

ወደ ጓዳ ገባች። ይህ ልማዷ ነው።

ጥር 14፣ ኀሙስ

ግማሽ ፍጻሜ። ከኬንያዋ ልጅ ጋር። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። በሁለተኛው ዙር ኬንያዊቷ እየመራች ነበር፤ እኔም ለጎረቤቴ፣ «ምንም አይደል፣ እዚህ መድረሷ ራሱ ታሪክ ነው» እያልኩ ነበር። ከዚያ ዮዲት ምን እንደገባባት አላውቅም። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ አፈር ለብሶ፣ ጠፉ የተባሉ ኳሶችን ሁሉ ሮጣ እየደረሰች መለሰቻቸው። ሁለተኛውን አሸነፈች። ሦስተኛውንም።

ለፍጻሜ አለፈች።

ሰው ተሸካከመ። ተሻገር እኔን አቅፎ ጉንጬን ሳመኝ። አያ ይሄነው፣ «ጊዮርጊስ ቦራን ፈልጎታል፣ ግልጽ ነው» አሉ። ካሳው ሻይ በነፃ አደረገ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጥር 15፣ ዓርብ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወጣሁ። አየር መለወጥ ያስፈልገኝ ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ ሐይቁን ዞሬ፣ ከማዶ ያለችው ትንሿ ማርያም ዘንድ ደረስኩ። እዚያ ማንም አያውቀኝም። ባላገሮቹ በአገውኛ ሰላም አሉኝ፤ እኔም በምችለው መለስኩ።

ለእመቤታችን አንድ ነገር ተናገርኩ። ለጊዮርጊስ የገባሁትን አላፈረስኩም፤ ያ እንዳለ ነው። ልጅቱም እንድትሸነፍ አልለመንኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። የለመንኩት ስለ ቦራ ብቻ ነው፤ ከቤቴ እንዳይወጣ። እንዴት እንደማይወጣ የማውቀው እኔ አይደለሁም፤ የእሷ ሥራ ነው።

ቄሱ ስነግራቸው ፊቴን አዩና፣ «ሌባ አስግቶህ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እንደዚያ በሉት፣ አባ» አልኳቸው።

«ስለትህ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። እዚህ አልጽፈውም። ቤት ገብቼ ሣጥኑን ከፍቼ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ጥር 17፣ እሑድ

ፍጻሜው ዛሬ ነበር። ከሞሮኮዋ ልጅ ጋር። ካሳው ቤት ቦታ ጠፍቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር። ኔትወርኩ ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ዮዲት እጇን እንዳነሣች ትቀርና ሁላችንም እጃችንን እንዳነሣን እንጠብቃታለን።

አንድ ለአንድ ሆኑ። በመጨረሻው ዙር ሞሮኳዊቷ አንድ ነጥብ ቀራት። ሁሉም ተነሣ። ረጅም ምልልስ ነበር፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ከዚያ ሞሮኳዊቷ በኃይል መታችና ኳሷ ዮዲት በኩል መስመሩ ጋ አረፈች። የመስመር ዳኛው እጁን ዘረጋ፤ ወጥታለች! ሻይ ቤቱ ፈነዳ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ነጥቡ የኛ ሆነ፤ ልጅቱ ተረፈች።

ዮዲት ግን አልጨፈረችም። ወደ ምልክቱ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ አየችው። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ። ካሳው ስልኩን እንደታመመ ሕፃን እያቀፈ፣ «እባክህ፣ እባክህ» አለው። ምስሉ ሲመለስ ዮዲት በጫማዋ ጫፍ ምልክቱን አበሰችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ወደ መረቡ ሄዳ ለሞሮኳዊቷ እጇን ዘረጋች።

ቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። በዚያ ጸጥታ መካከል አንድ ሰው ጮክ ብሎ፣ «ተመስገን!» አለ።

እኔ ነበርኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ለሀቀኝነቷ ነው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ሀቀኛ ልጅ ስለሰጠን ነው።» አያ ይሄነው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተሻገር ባንዲራውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ እኔ ማን እንዳስለቀሰው አውቃለሁ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። «ዳኛው ወጥታለች ብሎ ነበር እኮ፤ እሷን ምን አገባት!» የሚሉ አሉ። አያ ይሄነው ደግሞ፣ «ዱካ አይታ ትዋሽ ነበር?» ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር ቢኖር፣ በእንጅባራ እንደ ተሻገር ያዘነ ሰው አለመኖሩ ነው። ሱቁን ዘግቶ ውሏል። «አገር ወዳድ» ይሉታል።

ለእኔ፣ «ፈረስህ ተረፈ አይደል» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያለው ግን እንደ ሰላምታ አልነበረም።

ዛሬ ከቦራ ጋር ብዙ ቆየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል። እንዲያውም በጣም ደስ ስላለኝ ነው ምግብ አልበላልኝ ያለው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ዮዲት ዳንግላ ገባች፤ ሁለተኛ ብትወጣም አቀባበሉ ትልቅ ነበር አሉ። ቅዳሜ በጊዮርጊስ እዚህ እንጅባራ ትመጣለች። ካሳው ቤት ዛሬ ስለ ጉብኝቷ ተሰብስበው ነበር፤ እኔ ራሴን ስላመመኝ አልሄድኩም። ምን እንደተወሰነ አልሰማሁም።

ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። የእመቤታችንን ስለት ማሳደር አይቻልም። ማልጄ ሄጄ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ሰጥቼ እመለሳለሁ። ዘንገና ድረስ የእንጅባራ ሰው ምን ያደርጋል?

ስሜነሽ ግላሱን ስጠቀልል አየችኝ።

ጥር 21፣ ኀሙስ

ልጽፈው ነው።

ማለዳ ደረስኩ። ቄሱን አገኘኋቸው፤ ጥቅሉን ሰጥቼ፣ «በጸጥታ ይቀበሉኝ፣ አባ» አልኳቸው። «ስለት በጸጥታ አይሰጥም፣ ልጄ። የእመቤታችን ተአምር ለምእመን ይነገራል እንጂ» አሉኝ። ስሜን እንዳይጠሩ ለመንኳቸው። «እሺ፣ ስም አንጠራም» አሉ። በዚህ ተጽናንቼ ከዋርካው ሥር ቆምኩ። ከቅዳሴ በፊት ብሄድ ኖሮ! ግን ከስለቴ ላይ ደግሞ ቅዳሴ ጥዬ መሄድ ፈራሁ።

ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። የካሳውን ሳቅ ከሩቅ ሰማሁ። ቀና ስል አያ ይሄነው፣ ካሳው፣ ተሻገር፣ ግማሹ ፈረሰኛ፣ እትዬ አምሳለ፤ በመካከላቸው አንዲት ረጅም ቀጭን ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ። ለካ ትናንት ካሳው ቤት የወሰኑት ይህንኑ ነው፤ ዮዲትን ሐይቁን ሊያሳዩዋት፣ በዚያውም ማርያምን ሊያስነግሧት።

ከዚያ ማይኩን የያዘው ዲያቆን ስለቶቹን ማስተዋወቅ ጀመረ። ልጅ የወለደች፣ ከበሽታ የዳነ። ሕዝቡ ለእያንዳንዱ እልል ይላል። ከዚያ የአባቴን ግላስ በሁለት እጁ ዘርግቶ ከፍ አደረገው። የጠዋት ፀሐይ የእናቴን የወርቅ ክር አበራው።

«ስሙ እንዲጠራ ያልወደደ አንድ ወንድማችን፣ ባለፈው ዓርብ እዚህ መጥቶ፣ ፈረሴን ሌባ እንዳይወስድብኝ፣ ከቤቴ እንዳይወጣ ብሎ ለእመቤታችን ተስሎ ነበር። እመቤታችን ሰምታዋለች! ስለቱ ሰምሮለታል! እልል በሉ!»

ባላገሩ እልል አለ። ሴቶቹ ደጋግመው፣ ከልባቸው። የእንጅባራ ሰዎችም አብረው ጀመሩ፤ ግላሱን እስኪያዩት። አያ ይሄነው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ባለፈው ዓርብ። ከፍጻሜው ሁለት ቀን በፊት። ሲያሰሉት አየሁ፤ ለዚህ ሰሌዳ አያስፈልግም። ካሳው ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝና ዋርካው ሥር አገኘኝ። ከዚያ ሁሉም አዩኝ።

ዮዲት ምን እንደሆነ ስላልገባት አሁንም እያጨበጨበች ነበር። አክስቷ በጆሮዋ ነገሯት። ማጨብጨቧን አቆመች።

ሐይቁን ዞሬ በእግሬ ተመለስኩ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ነገ በዓሉ ጋ አልሄድም ብዬ ለስሜነሽ ነገርኳት።

«ትሄዳለህ» አለች። «ብትቀር ሦስተኛ ስለት ያለህ ይመስላል። ፈረሱን ባዶውን ጫነውና ሂድ፤ ይዩህ።»

አፈርኩ። ይህን መጻፍ ከሌላው ሁሉ ከበደኝ። አንዲት ልጅ እዚያ ቀይ አፈር ላይ ስትሮጥ፣ እኔ ከእግሯ ፊት ፈረሴን አቁሜ እንድትደናቀፍ ስጠብቅ ነበር። ለጊዮርጊስ ዋሸሁ፣ ለእመቤታችን እውነቱን ተናገርኩ፤ እውነቱ ነው ያዋረደኝ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

ሜዳው ፈረስ በፈረስ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ግላስ። ቦራ ብቻ ራቁቱን፣ ያረጀ ኮርቻ ይዞ። የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ያናገረኝ ሰው አልነበረም። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አያ ይሄነው አልሳቁም፣ ያ ይከፋል።

ተሻገር ፈረሱን አዙሮ አጠገቤ መጣ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«አንተ መምህር፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም ብሆን ቴኒሱን አይደለም የደገፍኩት። በዚህ አገር ውስጥ እውነተኛ የቦራ ደጋፊዎች እኔና አንተ ብቻ ነን።»

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሰዎች አሁንም «አገር ወዳድ» ብለው መንገድ ለቀቁለት።

ዮዲት በሕዝቡ መካከል ወደ እኔ ስትመጣ አየኋት። ከቦራ ወረድኩ። ምን እንደምል አስቤ ነበር፤ ስትደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ አይደል?» አለች።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አልኩ። ከዚህ ሌላ አልወጣልኝም።

የቦራን ግንባር፣ ነጯን ምልክት በመዳፏ ዳሰሰች። «ኳሷ መስመሩን ነክታ ነበር» አለች ወደ እኔ ሳትዞር። «በእርስዎ ስለት አይደለም የተሸነፍኩት። ዱካውን እኔው ነኝ ያየሁት።» ቀጥላም፣ «ግን ከኬንያዋ ጋር ስጫወት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደክመኝ፣ የዚህን ፈረስ ነገር ሳስብ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ይህን ያህል አምኖብኛል ብዬ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ ሞላ፤ በዚህ ጊዜ ግን አላዞርኩትም።

«ጋልቢኝ ይላል እንዴ?» አለች፣ ቦራ ትከሻዋን በአፍንጫው ሲገፋት። ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም። እጄን እርካብ አድርጌላት አወጣኋትና ልጓሙን ይዤ ፊት ፊት እየሄድኩ፣ እንደ ሙሽራ ፈረስ ሳቢ፣ ሜዳውን በሙሉ አዞርኳት። ግላስ በሌለው ፈረስ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከተማው በእልልታ ተናጋ። ለእኔ እልል ያለ የለም። ደግ አደረጉ።

ሜዳው ጫፍ ስንደርስ ከላይ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ ናይሮቢ እጫወታለሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«የፈለግሽውን።»

«ምንም አይሳሉልኝ። ዝም ብለው ይደግፉኝ። ቃልዎን ይስጡኝ።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዙሪያዬን አየሁ፤ በአቅራቢያችን ማይክ የያዘ ሰው አልነበረም።

«ቃሌ ነው» አልኳት።